አለቃ ይርዳው ከጎን

ባለፈው ሳምንት እግሩ የወለቀ ወንበር ላሠራ አናጢ ቤት ሄድኩና ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰውዬው ኮላ ያቀልጥ ነበር፤ በቆርቆሮ ጣሳ፣ በትንሽ ከሰል። የማያውቀው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። የቆዳና የቀንድ ሽታ ነው፤ የተቃጠለ ጠጉርም አለበት። እኔ ወንበሬን እንዳቀፍኩ ቆምኩ።

«እህቴ፣ ወንበሩን ታስቀምጪዋለሽ ወይስ ታዝዪዋለሽ?» አለኝ አናጢው።

አስቀመጥኩትና ወጣሁ። ሽታው ግን ከነጠላዬ አልለቅ አለ። ቤቴ ስደርስ ወረታ ነበርኩ።

ያን ሽታ አንድ የትምህርት ዘመን ሙሉ በእንጨት ያማሰልኩት እኔ ነኝ።

ወረታ ዘጠነኛ ክፍል ሲከፈት አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ደራ ውስጥ የአንበሳሜ ቄስ ነው። ሴት ልጅ ስምንተኛን ከጨረሰች ምን ቀራት የሚሉ ዘመዶች ብዙ ነበሩ፤ አንድ ባለ ሁለት ጥንድ በሬ ሰውዬም ሽማግሌ ልኮብን ነበር። አባቴ እሺም እምቢም አላለም። በመስከረም መጨረሻ በበቅሎ ወረታ አምጥቶ፣ በልጅነቱ ቅኔ አብረውት የተማሩት አለቃ ይርዳው ቤት አስቀመጠኝ። አለቃ ይርዳው የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ልጅ የላቸውም። ከሚስታቸው ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር የከተማው ጫፍ ላይ፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ብቻ በሆነበት ቦታ ይኖራሉ።

አባቴ ሊሄድ ሲል አጥሩ ሥር ጠራኝ።

«ብርቄ፣ ምላስሽን አውቀዋለሁ» አለ የበቅሎዋን ልጓም እያስተካከለ። «አለቃ ቤት አንዲት ነውር ሠራሽ ብለው የላኩብኝ እንደሆነ ይቺኑ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ። ለሰውዬውም እሺ እላለሁ። ትምህርቱ እዚያ ላይ አለቀ።»

«እሺ አባባ።»

«እሺሽ ራሱ ይቸኩላል» አለና በቅሎዋ ላይ ወጣ።

ፎገራ በዚያ ወቅት ውኃው ገና መሸሹ ነው። ክረምቱን ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ መስከረም ሲያልቅ ውኃው ጥቁር ጭቃውን ትቶ ይሄዳል። ያ ጭቃ ጫማ ይበላል። ጫማችንን በእጃችን ይዘን ትምህርት ቤት እንሄድና በሩ ላይ ባለችው ጉድጓድ እግራችንን ታጥበን እንገባለን። እኔ የደራ ደጋ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሜዳ አይቼ አላውቅም። ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ የለውም። ጭቃው ላይ ጓያና ሽምብራ የሚዘሩ ሰዎች ከሩቅ ይታያሉ፤ ቀኑን ሙሉ ይታያሉ፤ አንዳቸውም ግን አይቀርቡም። የመጀመሪያውን ወር የማስታውሰው እንዲያ ነው። ሰው አያለሁ፣ የሚቀርበኝ የለም።

ክፍላችን ውስጥ ሴቶች ሦስት ነበርን። ሁለቱ የወረታ ልጆች ናቸው፤ እናቶቻቸው እህትማማቾች ናቸው። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወሬያቸውን ለሁለት ይጨርሱታል። እኔን «የደራዋ» ይሉኛል፤ ስሜን መጠየቃቸውን አላስታውስም።

ቤትም ያው ነው። እትዬ ጥሩነሽ ክፉ አልነበሩም፤ እያንዳንዷን ቃል ግን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ። «ብይ።» «ውኃው አልቋል።» «ተኚ።» አለቃ ደግሞ ከዚያም ባሱ። ረጅም፣ ከሲታ፣ አፍንጫቸው ከጥምጥማቸው ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት አይተውኝ አያውቁም። ስገባ ቀና ብለው ወደ እኔ ሊያዩ ይጀምሩና ወዲያው ፊታቸውን ወደ ግራ ያዞራሉ። የማየው ቀኝ ጉንጫቸውን፣ አንድ ዓይናቸውንና ያን አፍንጫ ብቻ ነው። «እንዴት ዋልሽ» ሲሉኝም እንዲያ ሆነው ነው፤ ግድግዳውን የሚጠይቁ ይመስለኝ ነበር። የማላስደስታቸው እንግዳ ነኝ አልኩ። ያባቴን ይሉኝታ ብለው ነው የያዙኝ አልኩ። በአሥራ አምስት ዓመቱ ሰው፣ ሌላው የሚያደርገውን ሁሉ በራሱ ላይ ነው የሚተረጉመው።

ግራ ዓይናቸው ነጭ ነገር እንዳለበት አንዳንዴ አይቻለሁ። ግን ዓይን ዓይን ነው፤ ጥቁርም ይሁን ነጭ የሚያይ ነበር የመሰለኝ።

ሥራዬ ቆዳ መቀቀል ነበር። አለቃ ቀለማቸውን የሚያጣብቁት ከበሬ ቆዳ ቁርጥራጭ በሚወጣ ሙጫ ነው። ጓሮ፣ በሸክላ ድስት፣ ከቀትር እስከ ማታ ይቀቀላል፤ እንዳያር መማሰል አለበት። ቀለሙን ደግሞ በድንጋይ እፈጫለሁ። ጥቁሩ ከኩራዝ ጥላሸት፣ ቢጫው ከአፈር ነው። ቀዩን ከገበያ ነው የሚያመጡት፤ እሱን አያስነኩኝም። የፈጨሁትን በቅል አድርገው፣ ሜዳውን አቋርጠው፣ አንድ ሰዓት ወደሚያስኬደው ደብራቸው ይሄዳሉ። የሚስሉት እዚያ፣ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ሴት አትገባም። እሑድ ለቅዳሴ ስንሄድም እኔ የምቆመው በሴቶች በኩል፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ነው፤ መጋረጃው ቢገለጥም የማየው ነጠላ ነው። በልጅነቴም አንበሳሜ ያው ነበር። ሥዕል አይቻለሁ፤ ግን የማንንም ዓይን ቆጥሬ አላውቅም። የፈጨሁት ጥቁር የማን ጢም እንደሆነ፣ የፈጨሁት ቢጫ የማን አክሊል እንደሆነ ሳላውቅ ነው ያን ዓመት የጨረስኩት።

ጥቅምት ላይ የእኛ አስተማሪ ጋሼ መስፍን ክበብ አቋቋመ። ጋሼ መስፍን ለአንድ ዓመት እንዲያስተምር ከአዲስ አበባ የተላከ ልጅ ነው። ያኔ እርስዎ እለው ነበር፤ አሁን ሳስበው ከታላቅ ወንድሜ አይበልጥም። ረቡዕ የቋንቋ ክበብ፣ ዓርብ የሥነ ጥበብ ክበብ ሆነ። ከሰው ጋር የማወራበት ቦታ አገኘሁ ብዬ መጀመሪያ የገባሁት የቋንቋ ክበብ ነው።

ሁለት ረቡዕ ቆየሁ። የክበቡ ሊቀ መንበር ታደሰ የሚባል፣ ጢም ያበቀለ ተማሪ ነበር። ስለ ርብ ወንዝ ግጥም ጽፎ አነበበ። ርብ እየዘፈነች ትወርዳለች፤ ርብ እንደ ሙሽራ ትሽኮረመማለች። አጨበጨቡለት። «አስተያየት ያለው?» አለ። እጄን አወጣሁ።

«ርብን አይተኸዋል?» አልኩት።

«ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው።»

«ታዲያ መቼ ነው የተሽኮረመመው? ባለፈው ነሐሴ ሦስት ላሞች ወስዷል አሉ። እኔ ያየሁት የሚያጓራ ነገር ነው። የጻፍከው ሌላ ወንዝ ነው።»

ታደሰ ወረቀቱን አጠፈ። «ደራ ውስጥ ወንዝ የለም እንዴ? ሄዳ የራሷን ትገምግም» አለ፤ ሳቁ። ሁለቱ የአክስት ልጆችም ሳቁ። ጋሼ መስፍን «አስተያየት ነው፣ አስተያየት ነው» እያለ ሊያበርድ ሞከረ። ቢሆንም በሚቀጥለው ረቡዕ የት እንደምቀመጥ ሳይ ወንበሩ ሁሉ ሰው አለው ተባልኩ። የሌለበትም ጭምር።

እንዲህ ሆኖ ነው ሥነ ጥበብ ክበብ የገባሁት። እዚያ ማውራት አያስፈልግም። ዘጠኝ ወንዶችና እኔ፣ እያንዳንዳችን ወረቀታችን ላይ አጎንብሰን። ከክበቡ የሚያስወጣኝ ነገር ለመናገር ዕድል አላገኘሁም።

ኅዳር አካባቢ ወባ ያዘኝ። ፎገራ ላይ ወባ ያልያዘው እንግዳ የለም፤ ሜዳው እንግዳውን የሚቀበለው እንደዚያ ነው። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ትኩሳቱ ሲነሳ ጣሪያው ይወርዳል፣ ሲተወኝ ደግሞ ጸጥታው ይብሳል። እትዬ ጥሩነሽ የፌጦ ውኃ እየሰጡኝ ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ፣ በየቀኑ፣ አለቃ ከደብራቸው ሲመለሱ በሩ ላይ ይቆማሉ። አይገቡም። አንድ እጃቸውን መቃኑ ላይ አድርገው ጎናቸውን ሰጥተውኝ፣ ፊታቸው ወደ ጓሮው ዞሮ፣ ረጅም ጊዜ ይቆማሉ። ጓሮው ውስጥ ምን ያያሉ? ድስቱን ነው አልኩ። የሚያማስልላቸው ጠፍቶ ሙጫው እንዳያርባቸው ነው አልኩ። አንድ ቀን ተነስቼ «ነገ አማስላለሁ» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀሽ» አሉ፤ እኔ እንደመሰለኝ ዓይናቸውን ከጓሮው ሳይነቅሉ ቆይተው ሄዱ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። ለእናቴ ደብዳቤ መጻፍ አምሮኝ ነበር፤ እናቴ ግን ማንበብ አትችልም፤ የሚያነብላት አባቴ ነው፤ ለአባቴ ደግሞ አይነገርም።

ጥር ላይ አለቃ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄዱ። «ለጤናቸው ነው» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ። ሽማግሌ ሁሉ ለጉልበቱ ነው የሚሄደው፤ እኔም ለጉልበታቸው ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ቤቱ ባዶ ሆነ። ድስቱም አረፈ። ከዚያ በፊትም የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን ያ የማይናገር ሰው ጎደለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ቢሆን ዘንድሮ ነው የተናገርኩት።

በዚያው ሰሞን ጋሼ መስፍን የሰው መልክ መሳል አስተማረን። አንድ ልጅ መስኮቱ አጠገብ ያስቀምጥና ጥላው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ በከሰል ዙሪያውን ያስይዘናል። «ጀማሪ ከጎን ይጀምር» ይላል። «ፊት ለፊት ያታልላል። አፍንጫ ከጎን አይዋሽም።» ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን ከትዝታ አንድ የምናውቀውን ሰው እንድንስል አዘዘን። የካቲት ላይ የክበባት ቀን ተብሎ ወላጆች ይጠራሉ፤ ሥራችን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጎንደር ለትምህርት ቤቶች ትርኢት ይላካል አለን።

ማንን ልሳል? እናቴን ፊቷን ሳስበው ይበተንብኛል። አባቴ በቅሎ ላይ ነው የሚመጣብኝ። ወረቀቱ ላይ አጎንብሼ ቆየሁና እጄ ብቻውን አንድ አፍንጫ አወጣ። ከዚያ ቅንድቡ፣ ከዚያ ጉንጩ ላይ ያለው የተሰረጎደ ቦታ፣ ከጥምጥሙ ሥር የምትወጣው የጆሮ ጫፍ። በአንድ ጊዜ ሳልሰርዝ ጨረስኩት። አለቃ ይርዳው ናቸው፤ በሩ ላይ ቆመው።

ጋሼ መስፍን ከትከሻዬ በላይ ቆሞ አየው። «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» አለ። «ገበያ ላይ አይቼዋለሁ። ጎንደር የሚሄደው ይኸው ነው።» ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ወረታ ከገባሁ ጀምሮ እንዲያ በክፉ ሳይሆን የታየሁበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ደስ አለኝ። ከሥዕሉ ሥር በደንብ አድርጌ፣ አባቴ ባስተማረኝ የቁም ጽሕፈት፣ ‹አለቃ ይርዳው› ብዬ ጻፍኩ። ከወንዛዬ ሲመለሱ ያዩታል፤ ሲያዩት ምናልባት አንዴ እንኳ ፊታቸውን ይመልሱልኛል ብዬ ነበር።

የክበባት ቀን የገበያ ቀን ላይ ዋለ። ሰዉ ከገበያ ሲመለስ ይገባል። ግቢው ውስጥ ታደሰ ስለ ርብ ግጥሙን ጮክ ብሎ አነበበ፤ አሁንም ትሽኮረመማለች። እኛ ክፍል ውስጥ ሥዕሎቻችንን በግራር እሾህ የጭቃው ግድግዳ ላይ ሰክተናል። እትዬ ጥሩነሽ ከጎረቤት ሴቶች ጋር መጡ። ከእነሱ ቀድመው ግን የአለቃ ደብር ቄሰ ገበዝ ከሁለት ካህናት ጋር ገቡ። መስቀላቸውን ይዘው ከሥዕል ወደ ሥዕል እየሄዱ፣ ላሟን አዩ፣ ድልድዩን አዩ፣ የእኔ ላይ ደረሱና ቆሙ። ጎንበስ ብለው ስሙን አነበቡ። ደግመው ወደ ላይ አዩ።

«ምነው» አሉ ቀስ ብለው፣ «አለቃን ከይሁዳ ወገን አሰለፏቸውሳ።»

አንዱ ካህን ሳቁን በነጠላው አፈነ። ከበሩ ላይ ያሉ ወጣቶች ግን አላፈኑም። «ባለ አንድ ዓይን ሆኑ» አለ አንዱ፤ «ሰይጣኑን ከየት አይተው እንደሚስሉት ታወቀ» አለ ሌላው። ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ጋሼ መስፍንም አልገባውም።

«አባቴ፣ ከጎን መሳል ምን ነውር አለው?» አላቸው።

ቄሰ ገበዙ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ተናገሩ። «ልጄ፣ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳል። ቅዱሳኑ ሁሉ ወደ እኛ ይመለከታሉ። ፊቱን ከእኛ የሚመልስ፣ ባንድ ዓይኑ የሚሳል ማን ነው? ይሁዳ ነው። ጌታን የገረፉት ናቸው። ዲያብሎስ ነው። ይህንማ የአገሩ ሕፃን ያውቃል።»

የአገሩ ሕፃን አላወቀም። እዚያው ቆሜ ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ሰዉን ከፍለው መጡ። ሥዕሉን አዩ፤ እኔን አዩ። ያን ቀን ቃላቸውን አላስቀመጡም። «አምስት ወር አብልቼ፣ ታመሽ አስታምሜ፣ ባሌን ሰይጣን አድርገሽ ለገበያ ሰቀልሽው» አሉኝ። እሾሁን ነቅለው፣ ወረቀቱን ጠቅልለው ነጠላቸው ውስጥ ከተው ወጡ። በዚያው ሰዓት ወደ አንበሳሜ ከሚመለሱ ገበያተኞች ጋር ለአባቴ ላኩ።

ሦስት ቀን ጠበቅሁ። እትዬ ጥሩነሽ ምግቤን አስቀምጠው ይወጣሉ። ልብሴን በጨርቅ አስሬ በሩ አጠገብ አኑሬዋለሁ። ደብተሬን ግን እንዳላስር እጄ እምቢ አለኝ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ባለ ሁለት ጥንድ በሬውን ሰውዬ አንዴ ብቻ ነው ያየሁት፤ መልኩን ከትዝታ ልስለው ሞከርኩ፣ ጀርባው ብቻ ነው የመጣልኝ።

በሦስተኛው ቀን አለቃ ከወንዛዬ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ አባቴ ደረሰ። በቅሎዋን ከአጥሩ አስሮ፣ ከሥሩ ድንጋይ አነሳና ማጅራቴ ላይ አስቀመጠው። ይቅርታ ጠያቂ እንደዚያ ነው የሚቀርበው፤ የተበደለው ‹አውርጂ› እስኪል ድረስ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። የማየው የአለቃን እግር ብቻ ነበር። መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

የወረቀት ድምፅ ሰማሁ፤ እትዬ ጥሩነሽ ሥዕሉን ሰጧቸው።

«ጥሩነሽ» አሉ በመጨረሻ፣ «አፍንጫዬ ይህን ያህል ነው?»

«ነው» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ሳይወዱ።

«እኮ። አርባ ዓመት አልነገርሽኝም።» ከዚያ ድምፃቸው ወደ እኔ ወረደ። «አንቺ ልጅ። ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?»

«አላሳዩኝም» አልኩ ከድንጋዩ ሥር።

«አፍሽን ያዢ» አለ አባቴ ከኋላዬ።

«ተዋት ቄስ አያሌው። ትናገር።»

ካለቀ አይቀር ብዬ ነው መሰለኝ፣ ተናገርኩ። «ከመስከረም ጀምሮ እንዲያ ነው የሚያዩኝ። ስገባም፣ ስወጣም፣ ታምሜም። ጎንዎን እንጂ ፊትዎን ሰጥተውኝ አያውቁም። ጠልተውኝ ነው ብዬ ነበር። ሥዕሉን ያደረግኩት ግን በክፋት አይደለም። ሌላ የማውቀው ፊት የለኝም።»

እግራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ግራ ዓይኔን ሞራ ከሸፈነው ስንት ዘመኑ» አሉ። «አንዲት ጭላንጭል የለው። በፊት ለፊት ባይሽ ግማሽሽ ይጎድልብኛል። በደኅናው ላይሽ ብዬ ነው የምዞረው። የሰው ልጅ አደራ ተቀብዬ፣ በላች አልበላች፣ ከሳች ወፈረች፣ በምን ልወቅ? በሽታው የያዘሽ ጊዜማ መቃኑን ይዤ ትተነፍስ እንደሁ እያልኩ ስቆም ነበር። ወንዛዬስ ለምን የሄድኩ መሰለሽ?»

«ለጉልበትዎ።»

አባቴ ከኋላዬ ‹ኤዲያ› አለ። አለቃ አልሳቁም፤ «ለዚሁ ዓይን ነው» አሉ። እኔ ዓይኔ ሥር ያለውን መሬት እያየሁ፣ መስከረምን፣ ኅዳርን፣ ያን በር፣ ያን ጎን አንድ በአንድ መልሼ አየሁት። አንድም ቀን ብቻዬን አልነበርኩም ማለት ነው። አሁን ማወቄ ግን ብቸኝነቱን የውሸት አላደረገውም፤ ያን ሁሉ ወር በእውነት ኖሬዋለሁ፤ ማንም አይመልስልኝም። ይህን እዚያው፣ ድንጋዩ ሥር ሆኜ አሰብኩና ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም።

«እኔ የገባኝ ለሰው አይገባም» አሉ አለቃ። «ቄሰ ገበዙ አይቷል። ገበያው አይቷል። ስሜም ከሥሩ አለ፤ ጽሕፈቱስ ያምራል። ጥሩነሽ፣ ከሰል አምጪልኝ።»

እትዬ ጥሩነሽ ከምድጃው የጠፋ ከሰል አመጡ። የሚሆነውን ማየት ስለነበረብኝ አንገቴን ከድንጋዩ ሥር ጠመዘዝኩ። አለቃ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ደኅናውን ዓይናቸውን አስጠግተው፣ ከአፍንጫው ወዲያ፣ ፊቱ ባለቀበት፣ ባዶው ወረቀት ላይ አንድ ዓይን ሳሉ። ትልቅ፣ ክብ፣ ብሌኑ ጥቁር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳሉት ዓይኖች ሁሉ ፊት ለፊት የሚያይ። ቅንድብም ጨመሩለት። ዓይኑ ከፊቱ ውጭ ነበር፤ የሚይዘው ጉንጭ የለው፣ ግንባር የለው።

«አሁን ሰው ሆንኩ» አሉ።

ያን የመሰለ አፍንጫ። ሥዕሉ ተበላሸ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። በሕይወቴ የዋጥኩት የመጀመሪያው ቃል ያ ሳይሆን አይቀርም።

«ነገ እዚያው ግድግዳ ላይ መልሺው» አሉኝ። «ያየው ሁሉ ደግሞ ይየው።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ቄስ አያሌው፣ ለበቅሎህ ሣር ስጣትና ነገ ትሄዳለህ። ልጅቱ ትቆያለች። እኔ ያላየኋቸውን ሰዎች ስስል ነው ያረጀሁ። አይታ የሳለችኝን ልጅ በምን እቀጣታለሁ?»

እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አለቃ» አልኩ፣ «ድንጋዩ።»

«ውይ» አሉ፣ «አውርጂ፣ አውርጂ።»

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ብቻውን በበቅሎዋ ሄደ። እኔ ሥዕሉን ይዤ ትምህርት ቤት ገባሁና፣ የራሱን እሾህ ፈልጌ፣ የነበረበት ቦታ ሰካሁት። ቀኑ ዓርብ ነበር። የክበቡ ልጆች ሲገቡ አንዱ አየውና ሌላውን ጎሸመው፤ ወዲያው ዘጠኙም ግድግዳው ሥር ቆመው ሳቁ። አፍንጫውን አልፎ አየር ላይ የተንጠለጠለ ዓይን ማን አይስቅበትም? ጋሼ መስፍን ገባ። ሥዕሉን አየ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን እኮ ጎንደር ልንልከው ነበር» አለ። «እንዲህ ሆኖ አይላክም። ማን ነው ያበላሸው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ባለ ዓይኑ» አልኩትና ሄጄ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።